እርማት፦ ትንሹም ግራንት ይነበባል

አንድ ወንድማችን ለአዳዲስ መምህራን «የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ግራንት (ለምርምር የሚሰጠው ገንዘብ) ትንሽ ስለሆነ ፕሮፖዛሉን ማንም አያነበውም፤ ርዕስና ጠቅላላ ድምር ከጻፋችሁ ይበቃል» ብሎ መክሯል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ፕሮፖዛል «ልዩ ልዩ ወጪ፣ 30,000 ብር» የሚል መስመር ነበረው። በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ተመለሰልኝ። ጎኑ ላይ «ለምን?» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። በቀጣዩ ዓመት ዘርዝሬ ጻፍኩት፦ 4 መረጃ ሰብሳቢ፣ ለ10 ቀን፣ ውሎ አበሉ በቀን ስንት እንደሆነ፣ የትራንስፖርቱን፣ መጠይቁ የሚባዛበትን። አለፈ።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ በበጀት ዓመት ነው የሚሄደው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ሚያዝያ ላይ ኬሚካል ልግዛ ያለ ሰው ፕሮፎርማ (የሻጮችን የዋጋ ማቅረቢያ) ሲሰበስብ ሰኔ ያልቅበታል። እባካችሁ የግዢ ጥያቄውን በጊዜ፣ ከተቻለ መስከረም ላይ አስገቡ። የወሰዳችሁትን ቅድመ ክፍያም በደረሰኝ ቶሎ አወራርዱ። ሒሳቡ ሳይዘጋ ሁለተኛ ዙር መጠየቅ ከባድ ነው።