የባዕድ ስድብ ለምን ይቀለናል?

በአዲስ አበባ ታክሲዎችና ካፌዎች የሚከፈቱ የእንግሊዝኛ ዘፈኖችን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ በአማርኛ ቢባሉ ሾፌሩ ራሱ ተሸማቅቆ የሚያጠፋቸው ቃላት ማንንም ሳያስደነግጡ ሲያልፉ ይሰማል። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ ካናቴራም፣ ለባሹ ያላነበበውን ወይም አንብቦም ያልከበደውን ጸያፍ ጽሑፍ ደረቱ ላይ ይዞ በሽማግሌዎች መካከል ይመላለሳል። በአማርኛ ስድብ ጊዜ አፋችንን የሚያስይዘን ይሉኝታ በእንግሊዝኛው ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የቋንቋ ተመራማሪው ዣን ማርክ ደዋል ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ ሰዎችን ጠይቀው እንዳሳዩት፣ ስድብ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲነገር ነው፤ ዘግይቶ በተለመደ ቋንቋ ሲሰማ ግን ትርጉሙ እየታወቀም ቢሆን ያን ያህል አይቆረቁርም። በልጅነቱ ጸያፍ ቃል ተናግሮ በርበሬ የታጠነ ሰው ያን ቃል ካደገ በኋላም ሲሰማው ዓይኑን ያቃጥለዋል። በኤፍ ፊደል የሚጀምረውን የእንግሊዝኛ ቃል በመናገሩ ግን ማንም አላጠነውም።

ይሁንና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ነውር የሚሉት ነገር በየዘመኑና በየአገሩ ሲለዋወጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1606 የእንግሊዝ ፓርላማ በቲያትር መድረክ ላይ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ የጠራ ሰው 10 ፓውንድ እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ በዚያ ዘመን ከባዱ ጸያፍ ንግግር በመለኮት ስም የሚማለው ነበርና። በ1914 ለንደን ላይ በታየ የበርናርድ ሾው ቲያትር አንዲት ገጸ ባሕርይ «ብላዲ» (በቀጥታ ሲተረጎም «ደማም») የሚለውን የስድብ ቃል መናገሯ ጋዜጦቹን ሁሉ አነጋገረ። በ2006 የአውስትራሊያ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያንኑ ቃል ጎብኚ በሚጋብዝበት ማስታወቂያ ውስጥ ሲያስገባው ለአገሩ ሰው የወዳጅ ጨዋታ መስሎ ሳለ፣ በብሪታንያ ግን መጀመሪያ ላይ ከቴሌቪዥን ታግዶ ነበር። ለአብዛኛው አሜሪካዊ ደግሞ ስድብነቱም እምብዛም አይሰማውም።

ዛሬ መሐላውም የወሲቡም ቃል እየቀለለ ሄዶ፣ በእንግሊዝኛ ከሁሉ የከበደው ሰውን በዘሩ የሚያዋርደው ስድብ ሆኗል። የእኛ ወጣቶች ከሂፕ ሆፕ የለመዱት፣ በኤን የሚጀምረው የጥቁሮች መሰደቢያ ከዚህ ወገን ነው። ከጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው በፍቅር ይጠራሩበታል፤ ቃሉ ከባርነትና ከግርፋት ጋር ስለመጣ ጨርሶ መነገር የለበትም የሚሉም በመካከላቸው አሉ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሜሪላንድ የገባ ወጣት በቆዳው ቀለም ብቻ የዚህ ክርክር ባለቤት የሆነ ይመስለውና ቃሉን በሥራ ቦታ ይጠቀምበታል። እኔ ግን ሕመሙን ሳይካፈሉ ማቆላመጫውን ብቻ መውሰድ ድፍረት ሆኖ ይታየኛል።

ነጻነትን አብዝተው የሚወዱት አሜሪካውያን ጉዳዩን በፍርድ ቤት እስከ መጨረሻው ተከራክረውበታል። ፖል ኮኸን የተባለ ወጣት በ1968 ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ የግዳጅ የወታደር ምልመላን በዚያው በኤፍ በሚጀምረው ቃል የሚያወግዝ ጃኬት ለብሶ በመገኘቱ 30 ቀን እስር ተፈርዶበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ፍርዱን ሻረው፤ ጽሑፉ ያስቀየመው ሰው ዓይኑን ማዞር ይችላልና። በ1978 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የጆርጅ ካርሊንን በጸያፍ ቃላት የተሞላ ቀልድ በቀን በማሰማቱ የተነሣውን ክስ ሲያይ፣ ለመንግሥት ተቆጣጣሪው ፈረደ፤ ሬዲዮ ቤት ድረስ ይገባል፣ ልጅም ይሰማዋል ብሎ። ዛሬም በአሜሪካ ሬዲዮና መደበኛ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለው ንግግር የሚፈቀደው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው፤ በብሪታንያ ቴሌቪዥንም ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ለልጆች የማይሆን ነገር አይተላለፍም።

እርግጥ እንቅፋት የመታው ሰው በእንግሊዝኛ ቢያማርር ጠብ የለኝም። እንዲያውም በ2009 የእንግሊዙ ኪል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እጃቸውን በረዶ በሚያህል ውኃ ውስጥ የነከሩ ሰዎች ሲሳደቡ ቅዝቃዜውን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚችሉት አሳይተዋል።

የኤፍኤም ጣቢያዎቻችን ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መኪና ውስጥ የሚሰማውን ዘፈን የሚመርጥ ባለሙያ፣ ቃሉ በአማርኛ ስላልሆነ አድማጭ አይገባውም ብሎ ሊያስብ አይችልም፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ከወላጁ በላይ ይረዳዋልና። መፍትሔውም አድካሚ አይደለም። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ለብዙዎቹ ታዋቂ ዘፈኖች ጸያፍ ቃሉ የወጣለት የሬዲዮ ቅጂ ያዘጋጃሉ፤ በኢንተርኔት የሙዚቃ መደብሮችም ጸያፍ ቃል ባለበት ዘፈን ርእስ አጠገብ «ኢ» የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ትደረጋለች። ከዲጄው የሚጠበቀው ይህችን ፊደል ሲያይ ሌላኛውን ቅጂ መፈለግ፣ ካጣም ዘፈኑን ወደ ማታው ፕሮግራም ማዛወር ነው።