ስምህ ስንተኛ ነው?

ለሦስተኛ ዲግሪ የተመዘገበ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤተ መጻሕፍት የሚያሳልፍ የመሰላችሁ፣ ፎርም የሚባለውን ነገር ረስታችኋል። የላቦራቶሪ ደኅንነት ፎርም አለ፣ የዳታ አያያዝ ዕቅድ አለ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻ አለ። ከሁሉም የኮሚቴው ቀልድ አያውቅም። ፈቃዱ ሳይደርስ መጠይቅ በትኖ «በኋላ አስፈቅዳለሁ» ያለ ተማሪ ዳታውን ውኃ በላው፤ ኮሚቴ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈቅድም። ተመራማሪን ከስመ ሞክሼው የሚለየውን ባለ 16 አኃዝ መለያ፣ የኦርኪድን (ORCID) ቁጥርም ብዙዎች ንቀው ያልፉታል፤ የሞክሼያቸው ጽሑፍ ከራሳቸው ጋር ተደባልቆ እስኪያገኙት ድረስ።

ፎርሙ ሲያልቅ የአማካሪን ቋንቋ መልመድ ይመጣል። «ደስ ይላል፤ ግን እስቲ ትንሽ አስብበት» ከተባለ ምዕራፉ ወድቋል። «ጊዜ ስታገኝ ተመልከተው» ማለት ለሰኞ ይድረስ ነው። «በቅርቡ አነበዋለሁ» ግን ቀን የለውም። ልምድ ያላቸው ከስብሰባ በወጡበት ዕለት ባለ ሦስት መስመር ኢሜይል ይልካሉ፤ ምን ተስማማን፣ ማን ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ። ፕሮፌሰሩ ከወር በኋላ «ይህን ማን አድርግ አለህ?» ሲሉ፣ ኢሜይሉ በትሕትና ይመልስላቸዋል። ረቂቅ ሲላክም «አስተያየት ይስጡኝ» የሚል ሰው የሚያተርፈው የነጠላ ሰረዝ እርማት ነው። «ገጽ 12 ላይ ያለው የናሙና አመራረጥ ያስኬዳል ወይ?» ያለ መልስ ያገኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ በጥናት ጽሑፍ ላይ ወደሚሰፍረው የደራሲያን ስም ቅደም ተከተል እንምጣ። ሰው ለርስት ያልተጣላውን ያህል ለዚህ ተጣልቷል። በሕክምናና በሥነ ሕይወት መጀመሪያ የሚጻፈው ሥራውን የሠራው፣ መጨረሻ የሚጻፈው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው፤ መሐል ያሉት እርስ በርሳቸው ይተዛዘኑ። በሒሳብና በአብዛኛው ኢኮኖሚክስ ደግሞ በፊደል ተራ ነው፤ ስሙ በመጨረሻው ፊደል የሚጀምር ምስኪን ጽሑፉ በተጠቀሰ ቁጥር ዕድሜ ልኩን «እና ሌሎች» ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል።

ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት አስቀምጧል፤ በሐሳቡ ወይም በዳታው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም ካልተሟሉ ስም የለም። ማሽን ያዋሰ፣ ገንዘብ ያመጣ፣ በኮሪደር ሲያልፍ «በርቱ» ያለ ሰው ቦታው ምስጋና ውስጥ ነው። ምስጋና ግን ለኤች ኢንዴክስ አይቆጠርም። ይህ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ ለመለካት በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ያመጡት ቁጥር ነው፤ 10 የሚሆነው 10 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ሲጠቀሱ ነው። ስለዚህ «በርቱ» ያሉት ሰውዬ ጽሑፉ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው ብቅ ይላሉ። መድኃኒቱ ዳታ ሳይሰበሰብ ስምምነቱን በጽሑፍ ማስፈር፣ የሥራ ድርሻ ሲቀየርም እንደገና መነጋገር ነው። ውጤቱ ካማረ በኋላ የሚነሳን የስም ጥያቄ አማላጅም አይፈታው።

ጽሑፉ ለጆርናል ሲላክ፣ እንዲመዝኑት ከሚመረጡት ባለሙያዎች መካከል ሁለተኛው ገምጋሚ የሚባል ፍጡር ይጠብቃል። አንደኛው በሁለት አንቀጽ አመስግኖ ይሰናበታል፤ ሁለተኛው ሦስት ገጽ ይጽፋል፣ ሦስት ጽሑፎችም እንዲጠቀሱ ያዛል። ሦስቱም የአንድ ሰው ናቸው፤ የማን እንደሆኑ መገመት ነውር ነው። ደብዳቤው በደረሰበት ቀን መልስ አይጻፍም፤ ንዴቱ እስኪበርድ ይደር። ከዚያ እያንዳንዱ አስተያየት ቃል በቃል ይገለበጣል፤ ከሥሩ ምላሹ፣ የተስተካከለበት ገጽና መስመር ቁጥር ይከተላል። ያልተቀበሉትን በዝምታ ማለፍ አያዋጣም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ግድ ነው። የታዘዙት ጽሑፎች ከጉዳዩ ጋር ካልተገናኙም ይህንኑ ለአዘጋጁ መንገር እንጂ አንጀት እያረረ መጥቀስ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ያየ አንዳንዱ አቋራጭ ያምረዋል። አቋራጩ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የቆመ አስመሳይ ጆርናል ነው፤ እሱም ራሱ ኢሜይል ይልካል፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪን «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጠራ፣ ግምገማ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ የሚል፣ የቋንቋ ጥናት ለዓሣ እርባታ ጆርናል የሚለምን። ክፍያው የሚነገረው ጽሑፉ «ተቀባይነት አገኘ» ከተባለ በኋላ ነው፤ ተጸጽቶ ላውጣው ያለም የማውጫ ይጠየቃል።