ለክቡር የጋራ ፎልደር፣ ከ445 ቁጥር በር ደጅ ጠኚዎች

ጉዳዩ፦ ዛሬ ጠዋት በስብሰባ መሃል ስላዋረዱን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በ445 ቁጥር በር (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ በሆነው ፖርት) የምንቆም የቅርንጫፍ ቢሮ ደጅ ጠኚዎችዎ ከዛሬው ውርደት በስተቀር ምንም አልጎደለብንም። ክቡርነትዎ በዋናው ቢሮ፣ አየሩ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ተሰይመው በአረንጓዴ መብራት ሲጠቃቀሱ ስለሚውሉ፣ ማዶ ያለነው ምን እንደገጠመን ላይሰሙ ይችላሉና እንንገርዎ።

ፕሮጀክተሩ በርቷል። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሯል። አድራሻዎ በሙሉ ማዕረጉ ተጻፈ፦ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሁለት ሰረዞች፣ የሰርቨሩ ስም፣ አንድ ሰረዝ፣ ከዚያ እርስዎ። ፓስወርድ ጠየቁ፤ ተሰጠዎት፤ ተቀበሉ። ሦስት ንዑስ ፎልደሮች ብቅ አሉ። «ሪፖርቶች» የሚለው ሁለቴ ተጫነ። ውስጡ 400 ያህል ፋይል አለ። ያቺ አረንጓዴ መስመር በመስኮቱ አናት ላይ ጉዞ ጀመረች። ሄደች፣ ሄደች፣ ጫፍ ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀራት ቆመች። እንደቆመች ቀረች።

«ኢንተርኔት ሄዶ ነው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። አልሄደም። ፒንግ ተደረገ («አለህ ወይ?» የሚል አጭር ጥሪ ነው)፤ አራት ተላከ፣ አራት ተመለሰ፣ የጠፋ ዜሮ። ይህም በግድግዳው ላይ በትልቁ ታየ፤ ማለትም በሕይወት እንዳሉና እያዩን ዝም እንዳሉ በይፋ ተረጋገጠ። ዋናው ቢሮ ተደወለ። መልሱን አንባቢ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ «እኔ ጋ ይሠራል።» እንዴት አይሠራ! ከሳጥኑ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ።

ቀጥሎ የሆነው ግን ባሰ። ለሙከራ ከቅርንጫፉ ወደ እርስዎ 30 ሜጋባይት ፋይል ተላከ፤ ሰተት ብሎ ገባ። ያንኑ ፋይል መልሶ መክፈት ሲሞከር ያቺው አረንጓዴ መስመር። እጅ መንሻ መቀበል ያውቃሉ፣ መስጠት ግን አልለመደብዎትም። ደግነትዎን እንዳንክድ፣ «አንብቡኝ» የምትባለውን ከ1 ኪሎባይት ያነሰች የጽሑፍ ፋይል ወዲያው ከፍተውልናል። አነበብናት። ፎልደሩን በአግባቡ እንድንጠቀም ትመክራለች።

በመጨረሻ ዋናው ቢሮ ያለ አንድ ደግ ሰው ሪፖርቱን በስክሪኑ ከፍቶ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከው። ፎቶው ተጋድሞ መጣ። ሰብሳቢው አንገቱን ወደ ቀኝ ትከሻው ጥሎ የሩብ ዓመቱን ድምር አነበበ። የተቀረውም ተሰብሳቢ፣ ለአክብሮት፣ አንገቱን አጋደመ።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ፤ ክቡርነትዎ ምክንያት መናገር ስለማይወዱ እኛው እንናገርልዎ። ትናንት ማታ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል አዲስ ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የግል ዋሻ፣ ተተከለ። በተራ ኔትወርክ አንድ ፓኬት (ፋይሉ ተቆራርጦ የሚጓዝበት ጥቅል) እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ቪፒኤኑ ግን እያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፖስታ ያሽጋል፤ ፖስታውም ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህኛው ዋሻ ለዕቃው የሚተርፈው 1400 ባይት ነው። እርስዎ ይህን ሳያውቁ 1500ውን ሞልተው፣ «አትቁረጡኝ» የሚል ምልክት ለጥፈው ይልካሉ። የዋናው ቢሮ ራውተር ፓኬቱ ስላልገባለት ይጥለዋል፤ ደንቡም እንደሚያዘው «በዝቷል፣ 1400 አድርገው» የሚል መልእክት ወደ እርስዎ ይመልሳል። መልእክቱ የአይሲኤምፒ (ኔትወርኩ ስለ ችግሩ የሚላላክበት ቋንቋ፣ ፒንግም የዚሁ ነው) ዓይነት 3፣ ኮድ 4 ይባላል። በራውተሩና በእርስዎ መካከል ደግሞ ፋየርዎል፣ የኔትወርኩ ዘበኛ፣ አለ። ፋየርዎሉ ላይ ያለው ሰው «ለደኅንነት ሲባል» ከፒንግ በስተቀር አይሲኤምፒን በሙሉ ዘግቶታል። ሌባ እንዳይገባ ተብሎ መልእክተኛው በር ላይ ታነቀ።

አንተስ ምን አደረግህ? ምንም! መልስ እንዳልመጣ እያየህ ያንኑ 1500 ባይት ደግመህ ወረወርክ። ጠበቅህ፣ ደግመህ ወረወርክ። እጥፍ ጊዜ ጠበቅህ፣ ያንኑ ወረወርክ። «ፓኬቴ አላልፍ አለ» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ አቅቶህ ሃያ ሰው ፊት አረንጓዴ መስመር ታስጎትታለህ። ፒንግህም አብሮህ ይዋሻል፦ የዊንዶውስ ፒንግ ካልተነገረው የሚልከው 32 ባይት ብቻ ነው። 32 ባይትማ በመርፌ ቀዳዳም ያልፋል! ሦስት ስም የያዘ ዝርዝርም ያልፋል፣ ፓስወርድም ያልፋል፣ የአራት መቶ ፋይል ዝርዝር ግን አያልፍም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ከልክ አለፍን።

የተያዙበትን መንገድ ደግሞ እንዲያውቁት እንወዳለን፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲዘጋጁ። ከቅርንጫፉ ኮምፒውተር ፒንግ ይባላል፤ ሰረዝ ኤፍ (አትቁረጥ ማለት ነው)፣ ሰረዝ ኤል፣ 1472። ለምን 1472? የፒንግና የአይፒ ራስጌ (ፓኬቱ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ ጽሑፍ) 28 ባይት ስለሚጨምር ድምሩ 1500 ይመጣል። ከቅርንጫፉ ሲሞከር «መቆረጥ ነበረበት» የሚል መልስ መጣ፤ ይህ ጤነኛ ነው፣ ቢያንስ የሚናገር ራውተር አለ። የእኛ ፋይል ወደ እርስዎ ሰተት ብሎ የገባውም ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተነግሮት ፓኬቱን አሳነሰ። ከዋናው ቢሮ፣ ከእርስዎ ጎን ካለ ኮምፒውተር ሲሞከር ግን «ጊዜው አለቀ» ብቻ። ዝምታ። ሌባው ያለው ዝምታው ባለበት ወገን ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ ሞክሮ «ቪፒኤኑ ደህና ነው» የሚል ሰው እንዳይታመን። ቁጥሩ እየተቀነሰ ሲሞከር 1373 አላለፈም፣ 1372 አለፈ። 1372 ላይ 28 ሲደመር 1400።

መድኃኒቱ ሁለት ቦታ ነው። በሁለቱም ራውተሮች የቪፒኤን ገጽ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስ (አንድ ፓኬት ያለ ራስጌው የሚይዘው ዕቃ) ጣሪያ 1360 ይደረጋል፤ ከ1400 ላይ የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ 40 ባይት ተቀንሶ ማለት ነው። ፋየርዎሉ ላይም ያ የታነቀው ዓይነት 3፣ ኮድ 4 ይፈታል። መጠኑ የሚስማሙበት ግንኙነቱ ሲጀመር ስለሆነ የቆየው ግንኙነት አይስተካከልም፤ «ኔት ዩዝ» በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ሰርዞ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ «1360 አልሠራም» ብለው ቁጥሩን ወደ ቀድሞው የመለሱ ስንቶች ናቸው! በየኮምፒውተሩ እየዞሩ ኤምቲዩ (የፓኬቱን ትልቁን መጠን) የሚቀንሱትንማ እግራቸውን ይባርክላቸው።

እግረ መንገዳችንን የቆየውንም ቂም እናንሳ፤ ዕድሉ ደግሞ ላይገኝ ይችላል።

ያ ዜሮ ኤክስ 80070035 የሚሉት መልእክትዎ። መጨረሻው ላይ ያለው 35 በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሲሆን በእኛ ቋንቋ 53 ነው፤ ትርጉሙም «የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም»። ስሙ ጠፍቶም ይህን ይላሉ፣ በሩ ተዘግቶም ይህን ይላሉ፣ ሳጥኑ ጠፍቶም ይህንኑ። አንድ ሐኪም ለሦስት በሽታ «አሞሃል» ብሎ ሲያሰናብት ምን ይባላል? እኛ ለራሳችን መድበናል፦ መጀመሪያ ስሙ ወደ ትክክለኛው አይፒ (የኔትወርክ ቁጥር አድራሻ) መተርጎሙን በኤንኤስሉክአፕ ትእዛዝ ማየት፤ ቀጥሎ በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) «ቴስት ኔትኮኔክሽን» ብሎ ፖርት 445ን ማንኳኳት። በአይፒ ተከፍቶ በስም እምቢ ካሉ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲኤንኤስ፣ የስም ተርጓሚው፣ ነው፤ ከነዶሜኑ (የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ስም) ሙሉ ስምዎ ይጻፋል። በሩ ተንኳኩቶ «አልተፈቀደልህም»፣ ማለትም ስህተት 5፣ ከመጣ ደግሞ እልል ያሰኛል፤ ደርሰናል፣ የቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው።

«ኔትወርክ» የሚለውን ምልክት ከፍተው የሌላውን ቢሮ ሰርቨር የሚፈልጉ ወገኖቻችንን በተመለከተ፦ አይመጣም። ያ ጥሪ ራውተር አይሻገርም።

ሰፊው ቂማችን ግን የ192.168.1 አድራሻ ነገር ነው። በየቦታው ሁለት ቢሮዎች ራውተሩን ከካርቶን አውጥተው እንደመጣ ይሰኩታል፤ ሁለቱም ቤታቸውን በአንድ ቁጥር ይሰይማሉ። ከቅርንጫፉ 192.168.1.20 ሲባል ኮምፒውተሩ «ይህማ ጎረቤቴ ነው» ብሎ እዚያው ግቢ ውስጥ ይጣራል፤ ወደ ቪፒኤኑ ዞር ብሎም አያይም። ማንም አይመልስለትም፤ ወይም፣ የባሰ አታምጣ፣ የቅርንጫፉ ፕሪንተር ይመልስለታል። ፒንግ ይሠራል! ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል! ሦስት ቀን ሙሉ የፕሪንተር ፈቃድ ሲስተካከል ይከርማል። በአድራሻ ትርጉም (አንዱን ቁጥር በመንገድ ላይ በሌላ እየለወጡ) ማጣበቅ ይቻላል፤ የሚሻለው ግን አንዱን ቢሮ፣ ትንሹን፣ በአንድ ቅዳሜ አዲስ ቁጥር መስጠት ነው። ማንም አያደርገውም። ሦስተኛው ቢሮ ሲከፈትም በዚያው በ192.168.1 ይከፈታል።

እርስዎ በተራ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሲያድሩ ደግሞ ሌላ አመል አለዎት። የዚያ ማሽን ፋየርዎል ፋይል ማጋራትን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ኔትወርኩ «የግል» ወይም «የሕዝብ» ተብሎ ከተመዘገበ ፈቃዱ ካልቀየሩት ለአካባቢው ሰብኔት (ለዚያው ቢሮ የአድራሻ ክልል) ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ይገባል፣ ቅርንጫፉ በር ላይ ይቀራል፤ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መዝሙር የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ደንቡን ከፍቶ የርቀት አድራሻ ከሚለው ሥር የቅርንጫፉን ሰብኔት መጨመር በቂ ነበር። የሚደረገው ግን ፋየርዎሉን በሙሉ ማጥፋት ነው። ከ20 ኮምፒውተር በላይ በአንዴ አለማስገባትዎንም አንርሳ፤ ጣሪያው በፈቃዱ ውል የተጻፈ ነውና ሃያ አንደኛው ቢለምንም ከንቱ ነው።

በቡድን ውስጥ የተጨመረ ሠራተኛ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ፈቃዱን አያውቁለትም። ሰዓታችን ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ የዶሜኑ ማንነት አጣሪ ከርቤሮስ አያውቀንም። በአንድ ሰርቨር በሁለት ስም ልንገባ ስንል ስህተት 1219 ይወረውሩብናል። ይሁን።

አይሁን የምንለው አንድ አለ፤ የተቀመጠው ፓስወርድ። ሠራተኛው ዶሜኑ ላይ ፓስወርዱን ይቀይራል። ቅርንጫፉ ውስጥ ባለ አንድ የተረሳ ኮምፒውተር ግን አሮጌው ፓስወርድ በክሬደንሺያል ማናጀር፣ በዊንዶውስ የፓስወርድ ማኅደር፣ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩም በየጥቂት ደቂቃው በታማኝነት ያንኑ ይዞ ያንኳኳል። አካውንቱ ይቆለፋል። ይከፈታል። ሻይ ሳይጠጣ ይቆለፋል። ሰውየው ተጠርቶ «ፓስወርድህን በትክክል ጻፍ» ይባላል፣ እንደ ሕፃን! የዶሜን ሰርቨሩ መዝገብ ላይ 4740 የሚለውን ክስተት አንድ ሰው ከፍቶ ቢያይ የጥፋተኛው ኮምፒውተር ስም እዚያው ተጽፏል።

በዚህ ሁሉ ተማርሮ «ቪፒኤኑ ይቅርና 445ን በቀጥታ ለኢንተርኔት እንክፈተው» የሚል ሰው በየቢሮው አይጠፋም። እዚህ ላይ ሽሙጥ የለንም። አይከፈትም። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር፣ በአሮጌው የፋይል መጋሪያ ቋንቋ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው፤ መጠገኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ለአንድ አሮጌ ስካነር ተብሎ ያንን ኤስኤምቢ 1 ዛሬም የሚያበራ ሰው ፋይሎቹ ተቆልፈው ቤዛ ሲጠየቅ ስካነሩን ይጠይቅ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የዛሬው ጉዳይ ከሰዓት በኋላ 1360 ሲገባ ተፈትቷል፤ «ሪፖርቶች» ተከፍቷል፤ አራት መቶውም ፋይል ወጣ። ሪፖርቱን ልንከፍተው ስንል «በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል» አሉን። የያዘው ፎቶውን ያነሳው ደግ ሰው ነው። ከፍቶት ወደ ቤቱ ሄዷል።

ከሰላምታ ጋር
ደጅ ጠኚዎች፣ ከማዶ

ግልባጭ፦
ለፋየርዎሉ (መልእክተኛውን እንዲፈታ)
ለ192.168.1 (ለሁለቱም)
ለቅርንጫፉ ፕሪንተር፣ ያልተጠራበትን እንዳይመልስ