ሰው ራሱ የሞላው መጠይቅ ሳይኮፓቲን ይለካል?

ሳይኮፓቲ ርኅራኄና ጸጸት የማጣት፣ በግብታዊነትም የመመራት ባሕርይ ነው። ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪዎችና ለታና ዳር ዓሣ አስጋሪዎች፣ ይህን ባሕርይ ለመለካት ሰው ስለ ራሱ የሚሞላውን የሌቨንሰንን መጠይቅ እንጠቀም ወይስ ይቅር? ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተሟግተውበታል።

ደጋፊ፦ በ1995 የወጣው ይህ መጠይቅ 26 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። 16ቱ ራስ ወዳድነትንና ርኅራኄ ማጣትን፣ 10ሩ ግብታዊነትን ይመለከታሉ። መልሱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 4 (በጣም እስማማለሁ) ስለሆነ መሃል ላይ መደበቂያ የለም። ባለሙያ የሚሞላው የሄር የሳይኮፓቲ መለኪያ መመዘኛዎቹ 20 ብቻ ቢሆኑም ረጅም ቃለ መጠይቅና የግለሰቡን መዝገብ ይጠይቃል። ለመሆኑ ተማሪ ምን የወንጀል መዝገብ አለው?

ተቃዋሚ፦ ርካሽ መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የምንለካው ባሕርይ ውስጥ ውሸትና ራስን አለማወቅ አሉበት። ጸጸት ተሰምቶት የማያውቅ ሰው «ይጸጽተኛል» ብሎ ሲሞላ ሳይዋሽም ይሳሳታል።

ደጋፊ፦ ስም በማይጻፍበት ጥናት መዋሸት ምን ይጠቅመዋል? ደግሞ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ነጥባቸው ከፍ ያለ ሰዎች ራሳቸውን የማሳመር ዝንባሌያቸው ዝቅ ያለ ነው። አያፍሩበትማ!

ተቃዋሚ፦ ይኸው ተዛምዶ በእርስዎ ላይ ይዞራል። ነጥቡ ዝቅ ያለው ሰው በእርግጥ ሩኅሩኅ ነው ወይስ ራሱን ያሳመረ? ቁጥሩ አይለይልንም። ማንበብ ለማይችል አስጋሪ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ የሥራ ባልደረባው አጠገቡ መረብ እየጠገነ ይሰማል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይገባል። «ሰው ስጎዳ አይጸጽተኝም» ሲባል «አይ» ይላል። አይጸጽተኝም ማለቱ ነው ወይስ አልስማማም? ጠያቂው 4ን ያክብብ ወይስ 1ን?

ደጋፊ፦ ይህ መድኃኒት አለው። አንዱ ይተርጉም፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከዚያ ለጥቂት ሰዎች ተነቦ «በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» ይባሉ፤ አሉታዊ ግስ ያደናገረበት ዓረፍተ ነገር ይስተካከል። ማንበብ የሚችል ብቻውን ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይጨምር፤ የማይችለው ሰው በማይሰማበት ይነበብለት። ተገልብጠው የሚቆጠሩት፣ ማለትም መስማማት ባሕርዩ አለመኖሩን የሚያሳይባቸው ዓረፍተ ነገሮች መልሶች ከ5 ይቀነሱ፤ ይህ ሲረሳ ነው አልፋው፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ የሚወድቀው። 26ቱንም በአንድ ቁጥር ያከበበ ወረቀት ይውጣ፤ አላነበበውም።

ተቃዋሚ፦ ጥሩ፣ ተስተካከለ እንበል። ከ1000 ሰው ባሕርዩ ያላቸው 10 ናቸው ብለን እናስላ። መጠይቁ ከእነሱ 8ቱን ቢይዝ፣ ከቀሩት 990 ደግሞ ከመቶ 10ሩን በስህተት ቢይዝ፣ 8ቱን ለማግኘት 99 ሰው ያለ ጥፋቱ ስም ይወጣለታል። ለቅጥር ወይም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚያውለው ቢመጣስ?

ደጋፊ፦ ለዚያ እኔም አልሰጥም። ለቡድን ንጽጽር ብቻ ነው። የመታወቂያ ቁጥር አይጻፍም፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍልና ዓመት ይበቃል።

ተቃዋሚ፦ 12 ተማሪ ባለበት ክፍል አንዲት ሴት ብቻ ካለች ስሟን እንደመጻፍ ነው። ቢያንስ የትምህርት ክፍሉን አውጡት።