ገመና ሳይገለጥ መቁጠር ይቻላል፤ ለጎንደር በጀቱን ስጧት

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ልጁ «በቴሌግራም ላኩልኝ» ይላችኋል። የፋይዳ መታወቂያችሁን ትልካላችሁ፤ አትሞ፣ ላሚኔት አድርጎ ይሰጣችኋል። ፋይሉ ግን እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ይቀራል። ከጎኑ የአንዱ የትምህርት ማስረጃ፣ የሌላዋ የሐኪም ወረቀት ተደርድሯል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አጥፋው ያለው ሰው የለም።

ይሄ እንኳን ትንሹ ነው። ትልቁ መዝገብ ያለው ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ተጀመረ፤ ዛሬም ስሙ የሚነሳው በሕክምናው ነው። ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሌላ ዳባት ላይ የጥናት ጣቢያ አለው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየተዞረ የተወለደው፣ የሞተው፣ አገር የለወጠው ይመዘገባል። ትልቅ ሀብት ነው። የዚያኑ ያህል የሰው ገመና ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መረጃን ሳይገልጡ የማስላት ምርምር ጎንደር ላይ የራሱ በጀት ይኑረው።

«ስሙን ሰርዘን ነው የምንሰጠው፤ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ላታኒያ ስዊኒ የተባለች አሜሪካዊት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዚህን መልስ ሰጥታለች። ስማቸው የተሰረዘ የሕክምና መዝገቦችን በ20 ዶላር ከገዛችው የመራጮች ዝርዝር ጋር አስተያየችና የማሳቹሴትስ ገዥ የነበሩትን የዊልያም ዌልድን መዝገብ ለይታ አወጣች። የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር በቂ ነበሩ። እኛ ጋማ የፖስታ ቁጥርም አያስፈልግ። ከዳባት አንድ ቀበሌ ውስጥ መንታ የወለደች የ34 ዓመት ሴት ብትሉ፣ ስሟን የሚነግራችሁ ሰው ገበያ ላይ ታገኛላችሁ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዘዴውን በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። ደባርቅ፣ ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ያሉ ሦስት ጤና ጣቢያዎች የአንድ በሽታ ታካሚዎቻቸው በድምሩ ስንት እንደሆኑ ማወቅ ፈለጉ እንበል። ግን ማንም የራሱን ቁጥር ለሌላው ማሳየት አይፈልግም። ደባርቅ 40 አለው። በዘፈቀደ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ 17፣ ነጌቲቭ 8 እና 31። አንዱን ለራሱ ያስቀራል፣ ሁለቱን ለሁለቱ ይልካል። ዳባት 25ን 60፣ ነጌቲቭ 50 እና 15 ያደርገዋል። አምባ ጊዮርጊስም 30ን ነጌቲቭ 20፣ 44 እና 6 ያደርገዋል። የየአንዱ የመጀመሪያው ቁጥር ደባርቅ፣ ሁለተኛው ዳባት፣ ሦስተኛው አምባ ጊዮርጊስ ዘንድ ይሆናል። እያንዳንዱ እጁ የገባውን ይደምራል፤ 57፣ ነጌቲቭ 14 እና 52 ይመጣል። እነዚህ ሲደመሩ 95 ናቸው። 40፣ 25 እና 30ም 95 ናቸው። ድምሩ ታወቀ፤ ደባርቅ ግን 40 እንዳለው ማንም አላየም። በእውነተኛው አሠራር ቁጥሮቹ እጅግ ትልልቅ ናቸው፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

አለቀ? አላለቀም። ሁለቱ ቢመሳጠሩ ከ95 ላይ የራሳቸውን ቀንሰው የሦስተኛውን ያገኙታል። ይህን ለመከላከል ውጤቱ ላይ ልክ ያለው ትንሽ ስህተት ሆን ብሎ መጨመር አንዱ መንገድ ነው። አሜሪካ የ2020 የሕዝብ ቆጠራዋን ያወጣችው እንዲህ አድርጋ ነው። ግን ስህተቱ ምን ያህል ይሁን? ሚሊዮኖች ላይ የማይታይ ስህተት አንዲት ትንሽ ቀበሌ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። የዳባትን ቀበሌዎች የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚገባ ጥያቄ ነው። ቦስተን ያለ ተመራማሪ አይሠራልንም።

ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2015 የግብርና የትምህርት መዝገቦቿን በዚሁ ዓይነት ዘዴ አገናኝታለች። እየተማሩ መሥራት ተማሪዎችን በጊዜ እንዳይመረቁ ያደርጋል ወይ የሚለውን ለማየት ነበር፤ የማንም ደመወዝ ለአጥኚዎቹ አልተገለጠም። እኛም የዳባትን የሞት መዝገብ ከሆስፒታሉ ካርድ ጋር ብናገናኘው፣ ማን ታክሞ ዳነ፣ ማን መንገድ ላይ ቀረ የሚለው ይታይ ነበር።

«መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መድኃኒት ሲያልቅ ይሄ ቅንጦት ነው» የሚለው ክርክር ይገባኛል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከላይ ያየነው መደመር ብቻ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ይሠራዋል። መልእክቱ ዛሬ ባይደርስ ነገ ይደርሳል። ከባዱ ሌላው ዘዴ ነው፤ የተቆለፈን መረጃ ሳይከፍቱ ማስላት። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1978 ተነሣ፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ክሬግ ጄንትሪ መፍትሔ ያገኘለት በ2009 ነው። 31 ዓመት! እሱ ዛሬም ብዙ የኮምፒውተር ጉልበት ይበላል። በእኔ እምነት ጎንደር በቀላሉ ትጀምር።

ደግሞም ይህ ምርምር ትልቅ ማሽን አይፈልግም። የሚስጥር ጽሑፍ ሊቁ አዲ ሻሚር ሚስጥርን ከፋፍሎ የማስቀመጥ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው በሁለት ገጽ ነው። የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ የሒሳብና የኮምፒውተር ተማሪ፣ የቤት ኪራይ የሚችል አበል፣ ቢያንስ አራት ዓመት የማይቋረጥ በጀት። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በጀት ግን ጠባዩ ይታወቃል። ዓመቱን ሙሉ ግዥ ይጓተታል፤ ሰኔ ሲደርስ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ነው። ፕሪንተር ይገዛል፣ ወንበር ይገዛል። ተማሪው ግን በሐምሌ አበሉ ተቋርጦ አዲስ አበባ ሥራ ሊፈልግ ይወጣል። እዚህ ላይ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ሕጉማ ወጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተግባራዊ እንዲሆን የሚቆጣጠረውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አዋጅ ማውጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባለሥልጣኑ ነገ ሆስፒታሉን «መረጃውን እንዴት ነው የምታጠናው?» ቢለው፣ የሚመልስለት ባለሙያ ከየት ይመጣል?

ማን ይክፈል? ጎንደር ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሏልና ትምህርት ሚኒስቴር ቀዳሚው ነው። ባንኮችና ቴሌም ይጨምሩ፤ የደንበኛ መረጃ የያዙት እነሱ ናቸው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ቢደግፍ አልጠላም። አንድ ነገር ግን ቀድሞ በውሉ ይጻፍ፦ ዘዴውና ኮዱ ለሁሉም ይታተም። የሰውን ገመና የሚጠብቅ ዘዴ ራሱ በሚስጥር ከተያዘ፣ በእርግጥ ይጠብቅ አይጠብቅ የሚመረምረው የለም። ገንዘብ ሰጪው አይታተም ካለ፣ ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ቢመልስ ይሻለዋል።