በ4ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ለሚገኙት አውራ ዶሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ
ጉዳዩ፦ የሌሊት ጩኸትን ይመለከታል

ይድረስ ለክቡር ገብስማው፣ በጎረቤቴ በእትዬ በረንዳ ላይ አንድ እግራቸው በሲባጎ ታስሮ በጊዜያዊነት ለሚኖሩት፤

ክቡርነትዎ፣ ባለፈው ዓርብ ከሾላ ገበያ በእትዬ እጅ ቁልቁል ተንጠልጥለው ከመጡ ወዲህ ይህ ብሎክ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራሉ፣ 9 ሰዓት ላይ ይደግማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ መቁጠር ስለሚያስቸግረኝ፣ በትክክል መግለጽ አልችልም። ሳምንቱን እንኳ ቢያስቡ፣ ቅዱስ ጴጥሮስን ያስለቀሰው ዘመድዎ ሰውየው ሦስት ጊዜ እስኪክድ ድረስ መታገሡን ባስታወሱ ነበር። እኔን ግን አንድ ጊዜም ሳልክድ ነው የሚቀሰቅሱኝ።

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ «ጥፋቱ የመንገድ መብራቱ ነው፤ ነግቷል ብሎ ተሳስቶ ነው» በማለት ተከራክረውልዎታል። አልተቀበልኳቸውም። የጃፓን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ቀኑ ከሌሊቱ በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የቆዩ አውራ ዶሮዎች ንጋትን ሳያዩ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ባለ ሰዓት ተመርተው እንደሚጮኹ አሳይተዋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚጮኹት አውቀው ነው።

ይህን ለመረዳት በእርግጥ የጃፓን ሰው አያስፈልገኝም ነበር። የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ከገብስና ከበግ በቀር ብርድ ብቻ በሚበቅልበት ደጋ ነው። እዚያ አውራ ዶሮው የሚያድረው ከእኛው ጋር ነበር፤ እኛ መደብ ላይ፣ እሱ ቆጥ ላይ። በመጀመሪያው ጩኸት እናቴ ተነሥታ እሳት ትጭራለች፣ በሁለተኛው አባቴ ጉራችንና ቦራን ለእርሻ ያወጣል፤ እኔም ከአጎዛዬ ሳልወጣ የኩበቱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ በጎቹ በረት ውስጥ እንደ ሽማግሌ ሲያስሉ አዳምጣለሁ። ትልቁ ጥፋትዎ እንግዲህ ይህ ነው። እንቅልፌን ብቻ ወስደው ቢሆን ለኮሚቴው አመልክቼ በተገላገልኩ፤ እርስዎ ግን በ4ኛ ፎቅ ላይ የሌለ ኩበት ያሸቱኛል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ «አገሬ ገብቼ ባርስስ?» እላለሁ፤ እርፍ ከጨበጥኩ 20 ዓመት አልፎኝ፣ ሰልፉ ላይ ሩብ ሰዓት ስቆም ወገቤን የሚያመኝ ሰው ነኝ።

ስለ አገሬ ሳወራ ለሥራ ባልደረቦቼ የማልነግራቸው ነገርም አለ። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለፋሲካ የተመረጠው ሙክት፣ ከመዳፌ ጨው እየላሰ ያደገው ዛጎልማው በግ ነበር። አባቴ እግሩን እንድይዝለት አዘዘኝ። በጉ ሲንፈራገጥ የቆየው እኔ እስክይዘው ድረስ ብቻ ነው፤ እጄን ሲያውቀው መታገሉን ተወ። አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ዱለቱ ቀረበ፣ በላሁም፣ ጨምሩልኝም አልኩ። ከላይ የጠቀስኩት አጎዛም የእሱ ነው፤ እስከ 8ኛ ክፍል ተኝቼበታለሁ።

ከተማ ከገባሁ ወዲህ ይህን ጣጣ በዘመናዊ መንገድ ፈትቼው ነበር። ሥጋ ቤት ገብቼ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሳዝ በሬው ዓይንም ስምም የለውም፤ ማየት የማልፈልገውን ሁሉ ቄራ በሌሊት ጨርሶልኝ ያድራል። (ፒያሳ ላይ አንድ ሰፈር ሙሉ ዶሮ ማነቂያ ተብሎ በ2016 እስኪፈርስ ድረስ ሲኖር፣ ስሙን ሰምቶ ምግቡን የተወ ሰው አላጋጠመኝም።) እንዲህ ተመቻችቼ በምኖርበት ጊዜ ነው እንግዲህ እትዬ ትናንት በሬን ያንኳኩት። እንደሚያውቁት በእኛ ወግ ሴት አታርድም፤ እትዬ ደግሞ ባላቸው ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። «ልጄ፣ ቅዳሜ ሌሊት ከቅዳሴ ስመለስ ብቅ ብለህ ባርክልኝ። ፈረሰኛው ያንተ ነው» አሉኝ። ፈረሰኛውን ድሮ የሚያወጡት ለባላቸው ነበር። ይህ ክብር ነው፣ ክቡርነትዎ። ጾሙም ሊገባደድ ነው፤ 50 ቀን ሽሮ የበላ ሰው ምን ይመልሳል? ምራቄን ዋጥ አድርጌ «እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ እርስዎን ዝም ለማሰኘት በበረንዳው ፍርግርግ በኩል ገብስ ስወረውርልዎ ቆይቻለሁ። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረውም። ዛሬ ንጋት ላይ ግን አንገትዎን በፍርግርጉ አሾልከው ከመዳፌ ለቀሙ፣ ለቅመውም ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ይህ ነገር ባስቸኳይ መቆም አለበት። ከአሁን በኋላ ከእኔ እጅ ምንም ዓይነት ጥሬ እንዳይቀበሉ፣ ቅዳሜ ሌሊትም ክንፍዎን ስይዝ ፈጽሞ እንደማያውቁኝ ሆነው ባለ በሌለ ኃይልዎ እንዲታገሉኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ጩኸቱን እስከዚያው መቀጠል ይችላሉ።

ከሰላምታ ጋር
የጎን በረንዳ ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለእትዬ (ከበዓሉ በኋላ የሚሰጥ)