ሰላሙ የእሱ፣ ባትሪው የእኔ

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ከአንድ ቅዱስ ሰው ጋር ማኪያቶ ጠጣሁ። ቅዱስነቱ የገባኝ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል ሲያሳርፈው ነው። የማኅበር ጽዋ የተረከበ ነበር የሚመስለው፤ በሁለት እጁ ይዞ፣ የስልኩን ፊት ወደ እኔ አዙሮ።

ስልኩ ግራጫ ነው። ቀለም የለው፣ ድምቀት የለው፣ ቴሌግራም የለው። ሰዓቱ አለ፤ ከሰዓቱ ስር ሦስት አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ በቃ። ኢ-ኢንክ ይሉታል፤ ኪንድል ላይ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚያውቀው፣ ወረቀት የሚመስል ስክሪን ነው። "እኔ እኮ ስማርት ስልክ ከተውኩ አራት ወር ሆነኝ" አለኝ። አልጠየቅሁትም። እነዚህ ሰዎች ተጠይቀው አያውቁም።

ሂሳብ ሲመጣ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። ጥሬ ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ መያዝ ራሱ ሐሳብ ይበትናል። "አንተ በስልክህ ላክላቸውና በኋላ እንተሳሰባለን" አለ። ላክሁ። "ታክሲም ጥራልኝ፤ ያው አፑ የለኝም።" ጠራሁ። ሾፌሩ "የት ጋ ናችሁ?" እያለ አራት ጊዜ የደወለው ለእኔ ነው። ሰውየው መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና "አየህ፣ ሕይወት ቀላል ናት" ብሎኝ ሄደ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያው ሾፌር ደወለ፦ "ወንድም፣ ሰውዬው ሲኤምሲ ወርዷል። የጠራህ ሰው ይከፍልሃል ብሎኛል።"

ስለዚህ ዛሬ ላወድሰው ተነሥቻለሁ። እናንተም ዘንድ አንድ ሳይኖር አይቀርም፤ ለእሱም ይሁንላችሁ።

ድሮ ዓለምን የናቀ ሰው ዋልድባ ይገባና ቋርፉን እየበላ ዳዊቱን ይደግም ነበር። ማንም አያየውም፤ እሱም ማንንም አያስቸግርም። ይህ የአመናነን ስልት ጊዜው አልፎበታል። የዛሬው መናኝ ዓለምን የሚንቀው እዚያው ዓለም መሀል፣ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ ከዓለም የሆነ ነገር ሲያስፈልገው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሰው ያዝዛል። "የእባብ ጉድጓድ በሰው እጅ ይለካል" የሚለውን አባቶቻችን እንደ ነቀፌታ ነበር የተናገሩት። የኑሮ ዘዴ መሆኑ ቀድሞ የገባው እሱ ነው።

የልጁን ትምህርት ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ሚስቱ ታነብለታለች። ካርታው መንገድ ዳር ያገኘው ሊስትሮ ነው። ካሜራው የቢሮ ባልደረባው ነው። መብራት የጠፋ ማታ ደረጃውን የሚወጣው በጎረቤቱ ስልክ ብርሃን ነው። ባንኩ እኔ ነኝ። በጥንት ጊዜ ይህን ያህል አጃቢ የነበረው ባላባት ብቻ ነበር፤ ባላባቱ ግን ቢያንስ "ቀለል ያለ ኑሮ ጀመርኩ" አይልም።

መኪና ያለው መናኝ ደግሞ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ቀርቷል፤ ስለዚህ ይህኛው ማደያ ሲሄድ ሚስቱን ከእነስልኳ ጭኖ ነው የሚሄደው። በየቀኑ ለምን ሽርሽር ይዟት እንደሚወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይገረም ነበር። ሌላው ዓይነት፣ የምወደው እሱን ነው፣ ግራጫውን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ የመጨረሻውን አይፎን መኪናው ኪስ ውስጥ የሚደብቀው ነው። "እሱ ለሥራ ብቻ ነው" ይላል። በየሃያ ደቂቃው "መኪናዬን በደንብ ዘግቼዋለሁ?" ብሎ ይነሣል።

ለስልኩ ግን ፍርድ ይገባዋል፤ ጥፋት የለበትም። ይህን ስክሪን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ስክሪኑ ውስጥ የፀጉር ውፍረት የሚያህሉ እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይዋኛል። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ ባለበት ለመቆየት ምንም ኃይል አይፈልግም። ኃይል የሚያወጣው ሲለወጥ ብቻ ነው። ባለቤቱም ያው ነው፤ አንዴ አቋም ከያዘ በኋላ አቋሙን ለማቆየት ከኪሱ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

የቀትር ፀሐይ ላይ እንደ ጋዜጣ ይነበባል። ቻርጁ ቀናት ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ፤ እኔ ራሴ ቲክቶክ ላይ የማላውቀው ሰው በግ ሲገፍ እያየሁ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚሆንብኝ ሰው ነኝ። ብቻ ስክሪኑ ቶሎ አይረሳም። አዲስ ነገር ሲመጣ የቀደመው እንደ ጥላ ከስሩ ይቀራል፤ ሚስቱ ስትደውል ከስሟ ስር የአበዳሪው ስም ይታያል። የወዳጄ ስልክ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም። "እንዴት ነህ" ብዬ ብልክለት ስድስት ባዶ ሳጥን ይደርሰዋል፤ እሱም "ስለ ሳጥኖቹ አመሰግናለሁ" ይለኛል። "መጣሁ" ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፍ እያንዳንዱ ፊደል እያመነታ ብቅ ስለሚል፣ መልእክቱ የሚደርሰኝ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ ማኪያቶ ካዘዘ በኋላ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እሱ ፊት ግን እንዳታወሩት። እንዲህ ያለ ስክሪን ይዘው ገበያ ከወጡት ቀደምት ስልኮች አንዱ ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሞቶፎን ኤፍ 3 ነው። ለማን የተሠራ ይመስላችኋል? ለድሃ! እንደ ህንድ ባሉ አገሮች ፀሐይ ላይ ለሚውል፣ መብራት እንደ ልቡ ለማያገኝ ሰው። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ምን መጫን እንዳለበት በድምፅ ይነግረው ነበር። ዋናው መመኪያው ርካሽነቱ ነበር። ያኔ እሱን ይዞ ካፌ ገብቶ "ነፃ ወጣሁ" ያለ ሰው አልሰማንም። የዚያ ስክሪን ዘመድ ዛሬ ከአሜሪካ በአክስት ሻንጣ፣ በዶላር ተገዝቶ ይመጣል። የመናኞቹ ዋና ገዳም፣ ላይት ፎን የተባለው ስልክ ሠሪ ኩባንያም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛውን ስልክ በኢ-ኢንክ ካወጣ በኋላ፣ በ2025 ሦስተኛው ሲመጣ ኢ-ኢንኩን ትቶ እንደ ስማርት ስልክ የሚያበራ ኦሌድ ስክሪን አደረገለት፤ ካሜራም ጨመረበት። ገዳሙ ራሱ ወደ ከተማ እየተመለሰ ነው።

የእድራችንን ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ይቆጨኛል። የሰፈራችን መናኝ ሌላ ሰው ነው፤ ግራጫው ስልክ ግን ያው ነው።

እድራችን መርዶም ሆነ ስብሰባ የሚያሳውቀው በቴሌግራም ነው። ጥሩምባ ነፊያችን ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። ሰውየው ስማርት ስልኩን በተወ በወሩ ሁለት ቀብር ቀረ። እድሩ በደንቡ መሠረት ቀጣው። እሱም "ስለ አእምሮ ሰላም" የሚል ሁለት ገጽ አቤቱታ አስገባ። ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ ታየ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አጀንዳ አንድ፦ ለአባሉ መርዶ እንዴት ይድረሰው? አንዱ "ይደወልለት" አለ። መናኙ "ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት ስልኬን እዘጋለሁ" አለ። የሰፈራችን ሰው ደግሞ እንደ ክፉ አመል ሆኖበት የሚሞተው ያኔ ነው። ሌላው "ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይነገረው" አለ፤ ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ ጥሩምባ ነፊው ከጡረታ ይመለሱ ተባለ። በጭብጨባ ጸደቀ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥሩምባ ነፊው እጃቸውን አወጡ። "መንፋቱንስ እነፋለሁ፤ ማን እንደሞተ ለእኔ ማን ይነግረኛል? መርዶው ያለው ቴሌግራም ላይ፣ የእኔዋ ስልክ ባለ ቁልፍ!" ቤቱ ጸጥ አለ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ተወሰነ፦ ለጥሩምባ ነፊው ከእድሩ ካዝና ስማርት ስልክ ይገዛ፤ በየወሩም የኢንተርኔት ጥቅል ይሞላላቸው። እንዲህ ሆነና፣ ስማርት ስልክ የተወ አንድ ጎልማሳ መርዶ እንዲሰማ፣ ስማርት ስልክ ይዘው ለማያውቁ አዛውንት ስማርት ስልክ ተገዛ።

አላበቃም። ጥሩምባው መነፋት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ አቤቱታ መጣ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነፋው ጥሩምባ ትኩረቴን እያወከው ነው ይላል። ስማርት ስልክ የተውኩት የማሳወቂያ ድምፅ ሸሽቼ ነበር፤ ይኸው ድምፁ አጥሬ ስር ድረስ መጣብኝ ይላል። ጉባኤው ጥሩምባው ቀስ ተብሎ ይነፋ ብሎ ወሰነ። ጥሩምባ ቀስ ተብሎ እንዴት እንደሚነፋ የሚያጣራ፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴው ኳስ ሜዳው ላይ ሙከራ አድርጎ፣ አፉ በጨርቅ ቢታፈን እንደሚሻል ሪፖርት አቀረበ። አንድ አባል የጥሩምባው ነው ወይስ የነፊው አፍ ብለው ጠየቁ፤ ማብራሪያ ተሰጠ። የጨርቁ ሂሳብ ጸደቀ። ታፍኖ የተነፋውን ጥሩምባ ግን ከነፊው በቀር የሚሰማው ጠፋ።

አሁን ሰውየው መርዶ የሚሰማው እንዲህ ነው፦ ጥሩምባ ነፊው ረፋድ ላይ በሩን ያንኳኳሉ፤ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጥሩምባ ብብታቸው ስር ይዘው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መርዶውን ከቴሌግራም ላይ ያነቡለታል። እሱም "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እግረ መንገድዎን የዚህን ወር መዋጮ ከእርስዎ ስልክ ይላኩልኝ" ይላቸዋል። ኮሚቴው እስካሁን አልፈረሰም። አበል ይጠይቃል።

የሕንፃችን ጥበቃ አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ አለቻቸው። ጀርባዋ በላስቲክ ታስሯል። በ*127# ገብተው ከደሞዛቸው ላይ ለገጠር ልጃቸው በቴሌብር ብር ይልኩባታል፤ ከግራጫው ስልክ የበለጠ ትሠራለች። በቀደም አንድ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ሄደው "አፑን አውርደው ይምጡ" ተብለው ሦስት ቀን ተመላለሱ። ተራ የያዘው ወጣት "አባባ፣ ከዘመኑ ጋር ይራመዱ እንጂ" ብሎ ሳቀባቸው። መልእክት መጥቶላቸው "አንብቢልኝ ልጄ" ሲሉ ቸኩለን እናልፋለን፤ እኔም አልፌያቸው አውቃለሁ። መግዛት የሚችለውን፣ ሲሰለቸው ነገ የሚመለሰውን ሰው ግን ታክሲ ጠርተን፣ ሂሳብ ከፍለን፣ "እንዴት ያለህ ብርቱ ነህ" ብለን እንሸኘዋለን። አንዱ ሲያጣ ኋላ ቀር፣ ሌላው ሲተው ጠቢብ የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው? ሰውየው ለሰላሙ የሚከፍለው ዋጋ ቢኖር ኖሮ እሺ፤ የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እኚያ ሽማግሌ ደግሞ የሚከፍልላቸው የለም። ያናድዳል። በጣም ያናድዳል።

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርኩ።

የቅዳሜውን ሰው ነገር አልጨረስኩላችሁም። ታክሲው ከመምጣቱ በፊት ግራጫውን ስልክ ከማኪያቶው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠና "አንድ ፎቶ አንሣልኝ" አለኝ። አነሣሁ። አረፋው እየጠፋ ነው ብሎ ሌላ ማኪያቶ አስመጣ፤ ደግሜ አነሣሁ። ከዚያ በእኔ ስልክ ወደ እሱ ፌስቡክ አስገባኝ፤ የይለፍ ቃሉን በቃሉ ያውቀዋል፣ ለመናኝ ጥሩ ትዝታ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አታገኙኝም" ብዬ እንድጽፍለት አዘዘኝ። ጻፍኩለት።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። የሚዘጋበት ሰዓት ነበር፤ ለእኔ ብሎ ከፍቶታል።

"ስንት ደረሰ?"

"መቶ አርባ ላይክ።"

"ኮሜንቱስ?"

"'ጀግና' የሚሉ ዘጠኝ አሉ።"

"ስማቸውን ጥራልኝ እስቲ።"

አንድ በአንድ ጠራሁለት። ሁለቱን ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ስልኬ አራት በመቶ ቀርቶታል።

"አንዱ ደግሞ 'ይህን ስልክ እኔም እፈልገዋለሁ፣ የት ይገኛል?' ብሏል" አልኩት።

ትንሽ አሰበ።

"በቴሌግራም አናግረኝ በለው።"

"በማን ቴሌግራም?"

"በአንተ ነዋ!"